መርፌው ሳይጀመር

እሷ፦ የእድገት መርፌውን ዋጋ ቆይተን እናወራለን። አስቀድመህ አንድ ነገር ንገረኝ፤ ልጁ አጭር ነው ወይስ ማደጉን ትቷል?

እሱ፦ ምን ለውጥ አለው እትዬ? ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ያንሳል። ታናሽ እህቱ እንኳ አልፋው ሄዳለች። መስከረም ላይ የእሷ ሹራብ ጠበባትና ለእሱ ወረደ። ሲለብሰው ቆሜ አየሁት፤ ልክ ሆነለት።

እሷ፦ እንዴት እንደሚያም ይገባኛል። ግን በሹራብ ተለክቶ መድኃኒት አይታዘዝም። አጭር ሆኖ በየዓመቱ 5ም 6ም ሴንቲሜትር የሚጨምር ልጅ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ወይ ወላጆቹን መስሎ ነው፣ ወይ ጉርምስናው የሚዘገይ ዓይነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የእድገቱ ፍጥነት የወደቀበት ልጅ ነው።

እሱ፦ ወድቋል። በ10 ዓመቱ 117 ሴንቲሜትር ነው። ባለፈው ዓመት የጨመረው ሦስት ተኩል ብቻ ነው። ደግሞ እኔ የበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ያሰመርኩት እንዳይመስልሽ፤ ሆስፒታል ግድግዳው ላይ በተተከለው መለኪያ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሁለቱንም ጊዜ አንዲት ነርስ ናት የለካችው።

እሷ፦ ይሄ ቁም ነገር ነው። ቢሆንም ወደ ሆርሞን ከመዞር በፊት ብዙ የሚታይ ነገር አለ። እዚህ አገር ልጅ አጠረ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ማዕዱ ነው። በፈረንጆቹ 2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆቻችን 37 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። እነዚያ ልጆች የእድገት ሆርሞን አላነሳቸውም። እንዲያውም በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ደሙ ቢመረመር ሆርሞኑ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ሆርሞኑ ጉበት ጋ ሲደርስ አይጂኤፍ-1 የሚባለውን ንጥረ ነገር ያስመርታል፤ አጥንቱን በብዛት የሚያሳድገው ያ ነው። ጉበት ምግብ ካላገኘ ያንን አያመርትም። እንዲህ ላለ ልጅ መርፌ መጨመር ሰው የሌለበትን ቤት ደጋግሞ ማንኳኳት ነው።

እሱ፦ የእኔ ልጅ ምግብ አላጣም።

እሷ፦ አላጣም አላልኩም። የሚበላው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይዋጥለታል ወይ ነው ጥያቄው። አንጀቱ ስንዴ የማይስማማው ልጅ አለ፤ ምልክቱ አለማደግ ብቻ ሊሆን ይችላል። ታይሮይዱ የደከመ፣ ኩላሊቱ የታመመ፣ ለአስም ብሎ ኮርቲዞን ለረጅም ጊዜ የወሰደም አለ። እነዚህ ሁሉ ቁመት ያቆማሉ፣ ሁሉም የየራሳቸው ሕክምና አላቸው።

እሱ፦ ሐኪሙ እነዚህን አንድ በአንድ አይተዋል። የግራ እጁ ራጅ ተነሥቶ የአጥንቱ ዕድሜ የ7 ዓመት ልጅ ሆኖ ተገኘ። አይጂኤፍ-1ቱ ዝቅ ያለ ነው። ቁርስ ሳይበላ ወስደነው ሆርሞኑን የሚቀሰቅስ መድኃኒት ሰጥተውት በየግማሽ ሰዓቱ ደም ቀዱለት፤ ከፍ ብሎ የታየው 3.8 ነው። ሐኪሞች ቢያንስ 7 እንዲሆን ይፈልጋሉ፣ 10 የሚሉም አሉ። ኤምአርአይም ተነሥቷል፤ ሆርሞኑን የምታመነጨው ፒቱታሪ ትንሽ ነች፣ ዕጢ ግን የለም። እንግዲህ ይሄ አባት ረጅም ልጅ ስለተመኘ የተደረገ ነው ትያለሽ?

እሷ፦ አልልም። ኤምአርአዩ መደረጉ በተለይ ደስ ብሎኛል። እያደገ ያለ ዕጢ ያለበት ሰው ይህን መድኃኒት አይጀምርም። የጠዋት ኮርቲሶሉስ ታይቷል?

እሱ፦ ታይሮይዱ ታይቷል። ኮርቲሶሉን እንጃ።

እሷ፦ ያዘው ይህንን። እንመለስበታለን።

እሱ፦ እኔ የማልረዳው ፍርሃትሽን ነው። አንቺ ፋርማሲስት ነሽ። ሜሲን ሁሉም ያውቀዋል። በ11 ዓመቱ ገደማ ሆርሞኑ እንደሚያንሰው ታወቀ፤ ማታ ማታ እግሩ ላይ ይወጋ ነበር፤ ባርሴሎና ወጪውን እሸፍናለሁ ብሎ ወሰደው። ምን ሆነ?

እሷ፦ ምንም አልሆነም፣ ደግ ሆነለት። ግን ሜሲ ዛሬ 1 ሜትር ከ70 ነው። ይህን የምልህ መድኃኒቱ ምን እንደሚሰጥ እንድታይ ነው። ያነሰውን ይሞላል፣ ልጁን ወደ ቤተሰቡ ቁመት ያስጠጋዋል። ሆርሞኑ ሙሉ ለሆነ አጭር ልጅ ደግሞ ለዓመታት ተወግቶ የሚያተርፈው ጥቂት ሴንቲሜትር ነው፤ በ2003 አሜሪካ ለእንዲህ ዓይነቶቹም ፈቅዳለች፣ ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። ፍርሃትሽ ከየት መጣ ላልከኝ፣ ከታሪኩ ነው የመጣው። ሬይበን የሚባል የቦስተን ሐኪም በ1958 አንድ የ17 ዓመት ልጅ በዚህ ሆርሞን አሳድጎ ለዓለም አሳወቀ። ሆርሞኑ ያኔ የሚገኘው ከሞተ ሰው ፒቱታሪ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች አደጉበት። በ1985 ጸደይ ላይ አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች ባልተለመደ የአንጎል በሽታ እየሞቱ መሆናቸው ታወቀ፤ ክሮይትስፌልት ያኮብ ይሉታል፣ መድኃኒት የለውም። ከአስከሬኖቹ የመጣ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። በልጅነቱ የተወጋው በሽታውን የሚያየው ካደገ በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ። እነዚያን ልጆች ያስወጉት እኮ እንዳንተ የሚወዷቸው ወላጆች ናቸው፤ ያዘዙትም የታወቁ ሐኪሞች ናቸው።

እሱ፦ አንብቤዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ግን ጨርሺው እንጂ። በዚያው በ1985 ጥቅምት ላይ በባክቴሪያ ውስጥ የተመረተው ተፈቀደ። ዛሬ ከሬሳ የሚወጣ የለም፤ ያ በሽታ በዚህ መንገድ ሊገባ አይችልም። አርባ ዓመት አለፈው። የ1958ቱን መድኃኒት ጥፋት በዛሬው ላይ መጫን ልክ አይመስለኝም።

እሷ፦ ልክ ነህ፣ ያ በሽታ ከዛሬው መድኃኒት አይመጣም። እኔ ከዚያ ታሪክ የያዝኩት ሌላ ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። አሁን ላለውም መድኃኒት ይሄው ጥያቄ ተነሥቷል። በ2012 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት፣ በልጅነታቸው አዲሱን መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች ላይ ከሚጠበቀው በላይ ሞት አየሁ ብሎ ነበር፤ በተለይ ከፍ ያለ መጠን የወሰዱት ላይ።

እሱ፦ ከዚያ በኋላስ? በ8 የአውሮፓ አገሮች ከ24 ሺህ በላይ ሰዎች ተከታትለው በ2020 ያወጡት አለ። ሆርሞኑ ብቻውን ያነሳቸው፣ ሌላ ከባድ በሽታ የሌለባቸው ሰዎች ሞት ከሌላው ሕዝብ የተለየ አልነበረም። ልጄ ከእነዚህ ነው።

እሷ፦ አዎ፣ ከእነዚህ ነው። ይህን አንተው ፈልገህ ማግኘትህ ደስ ይላል። እንግዲያው ከሩቁ እንውጣና የቅርቡን እንይ። ጀመረ እንበል። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ራሴን አመመኝ ይላል፣ ያስታውከዋል። ምን ታስባለህ?

እሱ፦ ጉንፋን ወይም ምግብ።

እሷ፦ እሱም ሊሆን ይችላል። ግን መድኃኒቱ የጀመረ ሰሞን ራስ ቅል ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ግፊት ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ዓይኔ ይደበዝዛል ካለህ ደግሞ ለነገ አይባልም፤ መርፌው ቆሞ የዓይኑ ውስጥ በመሣሪያ መታየት አለበት። ቢያነክስስ? ጉልበቴን አመመኝ ቢልህ፣ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ይሆናል ትላለህ። በፍጥነት የሚያድግ ልጅ የጭን አጥንቱ ጫፍ ዳሌው ላይ ሊንሸራተት ይችላል፤ ሕመሙን ጉልበት ላይ ነው የሚያወራው። ወላጅ ጉልበት ያሻል፣ ዳሌ እየተበላሸ።

እሱ፦ እነዚህ ስንት ልጅ ላይ ነው የሚደርሱት?

እሷ፦ ጥቂት ላይ። በጣም ጥቂት ላይ።

እሱ፦ ሲደርሱም የሚታዩ ናቸው፣ መርፌው ሲቆም ወይም ሲታከሙ የሚመለሱ ናቸው። ስኳሩ በየጊዜው ይለካል፣ ጀርባው ይታያል፣ ታይሮይዱ ይመረመራል። ይህን ሁሉ ሐኪሙ ነግረውኛል፤ በየሦስት ወሩ ቀጠሮ ሰጥተውኛል። የምታውቂውን አደጋ እያየሽ መሄድና ከማታውቂው መሸሽ ይለያያል እኮ።

እሷ፦ ኮርቲሶልስ? የዚህ ልጅ ፒቱታሪ ትንሽ ናት ብለሃል። የእድገቱን ሆርሞን የምታመነጨው ዕጢ፣ ኩላሊቱ ላይ ያለውን፣ ኮርቲሶል የሚያመርተውን ዕጢ የሚያዘውን ሆርሞንም ታመነጫለች። ዛሬ በጭንቅ የሚበቃ ኮርቲሶል ያለው ልጅ፣ የእድገት መርፌው ሲጀመር ያ የነበረውም ይሳሳል። ከዚያ አንድ ቀን በትኩሳትና በማስታወክ ይወድቃል፣ ደሙ ስኳር ያጣል፣ ሰው ወባ ነው ይላል። ይሄ እያየሁ እሄዳለሁ የምትለው ዓይነት አይደለም። ለዚህ ነው ያዘው ያልኩህ።

እሱ፦ ... እሺ። ይሄን አልነገሩኝም። ወይ ነግረውኝ አልሰማሁም ይሆናል። ያን ቀን ቁጥር ብቻ ነበር የምሰማው።

እሷ፦ ይጠየቃል፣ አንድ የጠዋት ደም ነው። መድኃኒቱንስ ከየት ነው የምታመጣው?

እሱ፦ ከዱባይ የሚመላለስ ጓደኛ አለኝ። ሁለት የመርፌ ፔን ይዞልኝ ይመጣል።

እሷ፦ ከፋርማሲ ገዝቶ ነው ወይስ ከሰው?

እሱ፦ የጂም ዕቃ የሚሸጥ ሰው በርካሽ አለኝ ብሎታል።

እሷ፦ አይሆንም። እዚህ ላይ አልደራደርም። በ2001 አሜሪካ ውስጥ፣ ያን ያህል ቁጥጥር ባለበት አገር፣ ኑትሮፒን የሚባለው የእድገት ሆርሞን ማሸጊያው ሁሉ ተመስሎ ተሸጠ፤ ጠርሙሱ ሲመረመር ውስጡ የተገኘው ኢንሱሊን ነው። አስበው። 22 ኪሎ የሆነ ልጅ፣ ስኳር የሌለበት፣ ማታ ኢንሱሊን ተወግቶ ይተኛል። ጠዋት ማን ይቀሰቅሰዋል? ጂም ውስጥ የሚዞረውን ነገር ማን እንደሠራው፣ በምን እንዳጓጓዘው አይታወቅም። የሐኪም ማዘዣ ይዞ፣ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ፣ በደረሰኝ፣ የምርት መለያ ቁጥሩ ሳጥኑም ፔኑም ላይ አንድ ሆኖ ካልተገዛ እጄን አላስገባበትም።

እሱ፦ ከፋርማሲ ይሁን። ዋጋው በእጥፍ ይጨምራል።

እሷ፦ ይጨምር። ደግሞ ይዞ የሚመጣው እንዴት ነው?

እሱ፦ በሻንጣ።

እሷ፦ ከታች የሚጫን ሻንጣ ከሆነ በረዶ ሊመታው ይችላል። በእጅ ይያዝ፣ በቀዝቃዛ ቦርሳ፣ የሐኪም ደብዳቤ አብሮት፤ በረዶው በጨርቅ ተጠቅልሎ ፔኑን ሳይነካው። ይሄ መድኃኒት ፕሮቲን ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። አንዴ በረዶ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ ሲቀልጥ መልኩ ደህና ይመስልሃል እንጂ አይሠራም። ሰው ሙቀትን ይፈራል፣ እኔ ቤት ውስጥ ይበልጥ የምፈራው ፍሪጁን ነው። ያንተ ፍሪጅ በረዶ ቤቱ ከላይ ነው አይደል? የላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከጀርባው ግድግዳ ተጠግቶ የተቀመጠ ነገር ሌሊት ይረጋል። ቲማቲምህ በረዶ ሆኖ አላገኘኸውም?

እሱ፦ አግኝቼዋለሁ። መብራት ሲጠፋስ?

እሷ፦ በሩን አትከፍተውም። ውስጡ ቴርሞሜትር ይቀመጣል፣ መብራት ሲመጣ ታየዋለህ። ስንት ሰዓት እንደጠፋም ትጽፋለህ።

እሱ፦ አንዳንዱ ፔን እኮ ከተከፈተ በኋላ ከፍሪጅ ውጭ ከ25 ዲግሪ ሳያልፍ ሦስት ሳምንት ይቆያል። አዲስ አበባ ደግሞ ቤት ውስጥ ብዙም 25 አትሞላም። አደጋውን ከመጠኑ በላይ አታግዝፊብኝ።

እሷ፦ አንዳንዱ፣ አዎ። ሌላው አይቆይም። የገዛኸው ፔን ውስጥ ያለው ወረቀት ምን ይላል ነው እንጂ፣ ጓደኛህ የነገረህ አይደለም። አሁን ደግሞ ዋናውን ልጠይቅህ። ሐኪሙ ያዘዙት ስንት ነው?

እሱ፦ ማታ ማታ ሁለት ነጥብ አንድ።

እሷ፦ ሁለት ነጥብ አንድ ምን?

እሱ፦ ምን ማለትሽ ነው? ሁለት ነጥብ አንድ ነዋ።

እሷ፦ ማዘዣውን አምጣው እስቲ... አየህ፣ ሁለት ነጥብ አንድ ዩኒት ነው የሚለው። አንድ ሚሊግራም ሦስት ዩኒት ነው። የልጁ መጠን በቀን 0.7 ሚሊግራም መሆኑ ነው፣ ለ22 ኪሎ ልክ ነው። ጓደኛህ የላከልህ የፔኑ ፎቶ ግን ይኸውና፤ የሚዞረው ቁጥር በሚሊግራም ነው። ፔኑን 2.1 ላይ አዙረህ ብትወጋው በየማታው ሦስት እጥፍ ልትሰጠው ነበር። ፊቱና እጁ ያብጣል፣ መገጣጠሚያው ያመዋል፣ ስኳሩ ይወጣል፣ ቅድም ያልኩህ የራስ ምታት ይመጣል። አንተ ደግሞ መድኃኒቱ ኃይለኛ ነው ትላለህ።

እሱ፦ ...

እሷ፦ አትደንግጥ። ገና አልተጀመረም።

እሱ፦ አልደነገጥኩም፣ ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ነገር ማዘዣው ላይ በደማቅ መጻፍ አለበት። ሁለቱንም ቁጥር ጽፌ ፍሪጁ ላይ እለጥፈዋለሁ።

እሷ፦ አንዱን ብቻ ለጥፍ፣ ፔኑ የሚያሳየውን። ሁለት ቁጥር ካለ አንድ ማታ ሌላ ሰው ይሳሳታል፤ እናቱ ወይ ሠራተኛዋ። ፔንም ስትቀይር፣ የሌላ ኩባንያ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ይሄንን ነው የምታየው። አወጋጉን አሳይተውሃል?

እሱ፦ አንዴ።

እሷ፦ እጅህን ትታጠባለህ። አዲስ መርፌ ትገጥማለህ፤ የትናንቱ አይደገምም፣ ፔኑ ላይም ተገጥሞ አያድርም፣ አየር ይገባል፣ ይንጠባጠባል። ፈሳሹን በብርሃን ታየዋለህ፤ ደመና ከመሰለ ወይም ነገር ከተንሳፈፈበት አትጠቀምበትም። አትንጠውም፤ የሚበጠበጥ ዱቄት ከሆነ ቀስ አድርገህ ታሽከረክረዋለህ እንጂ። አዲስ ፔን ከሆነ ጫፉ ላይ ጠብታ እስኪታይ ታስወጣለህ። ጭኑ ላይ፣ ሆዱ ላይ፣ መቀመጫው ላይ፣ በየቀኑ ቦታ እየቀያየርክ፤ አንድ ቦታ ከደጋገምክ ሥጋው ይጎደጉዳል። ገፍተህ ከጨረስክ በኋላ ቶሎ አትንቀለው፤ እስከ አሥር ቁጠር። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይቸኩላል፣ መድኃኒቱ ቆዳው ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ልጁ አላደገም ይባላል። የተጠቀምክበትን መርፌ ክዳኑ ጠንካራ የሆነ ፕላስቲክ ውስጥ ትጥላለህ እንጂ ቆሻሻ የሚያነሳ ሰው እጅ አትወጋም።

እሱ፦ ለምን ማታ ሆነ?

እሷ፦ ሰውነት ራሱ በብዛት የሚያመነጨው ሌሊት፣ እንቅልፍ ሲከብድ ስለሆነ ነው። ደግሞ ማታ ሰው ቤት አለ። አንድ ማታ ቢረሳ ተረሳ፣ በነጋታው ሁለት አይሰጥም።

እሱ፦ ጂም የሚሠራው የአክስታችን ልጅ አንዷን ፔን እንዳካፍለው ጠይቆኛል።

እሷ፦ ፔን ለሁለት ሰው አይሆንም፣ መርፌው ቢቀየርም። ካርትሪጁ ውስጥ ደም ሊመለስ ይችላል። እሱ ደግሞ ምኑም አልጎደለ። ጡንቻው የሚያብጥለት ብዙው ውኃ ነው፤ ጉልበቱ እንደ ጡንቻው እንደማይጨምር በጥናት ታይቷል። ስኳር፣ የእጅ መደንዘዝ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያተርፋል። ሩጫ ወይም ኳስ ውስጥ ከገባ ደግሞ የተከለከለ ነው። ይህን ንገረውና በሩን ዝጋ።

እሱ፦ እሱን እተወዋለሁ። አሁን ግን እኔ ልጠይቅሽ። እስካሁን የነገርሽኝ ሁሉ እንዴት በጥንቃቄ እንደሚሰጥ ነው። አንዱም አትስጥ የሚል አይደለም። ታዲያ ለምንድን ነው ፊትሽ የማይፈታው?

እሷ፦ ምክንያቱም ይህ መድኃኒት ሳምንት ተወስዶ የሚተው አይደለም። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ነው። ከሁለት ሺህ በላይ ማታ። አንተ የሚመጣልህ ሁለት ፔን ነው። በየፔኑ 10 ሚሊግራም ካለ፣ አንዱ ሁለት ሳምንት ነው የሚያስኬድህ። ሁለቱ አንድ ወር። ከዚያስ? ጓደኛህ ቢታመም? የውጭ ምንዛሬ ቢወጣ? የጀመርከውን በየመሀሉ የምታቋርጥ ከሆነ ልጁ የሚያተርፈው መርፌና ተስፋ ብቻ ነው።

እሱ፦ ቢቋረጥ ምን ይሆናል? ንገሪኝ። ኢንሱሊን ሲቋረጥ ሰው ይሞታል። ይሄስ?

እሷ፦ አይሞትም። በእሱ ዕድሜ፣ ኮርቲሶሉ ደህና ከሆነ፣ እድገቱ ወደ ቀድሞው ፍጥነት ይመለሳል እንጂ የጨመረው ቁመት አይጠፋም።

እሱ፦ ታዲያ! ቢቋረጥ የምከስረው ገንዘብ ነው። ባልጀምር የምከስረው ቁመቱን ነው፤ ያ ደግሞ አይመለስም። ሆርሞን ያነሳቸው ልጆች በመጀመሪያው ዓመት 8፣ 10 ሴንቲሜትር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይጨምራሉ፤ የሚበልጠው ጥቅም ያ የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ልጁ ሲያንስ ይበልጣል። አጥንቱ ከተዘጋ በኋላ የዓለም መድኃኒት ቢደፋበት ዋጋ የለውም። አልጀምርም ማለትም ውሳኔ ነው፤ አደጋ የሌለበት መስሎ የሚታየው ማንም ስለማይወቅሰኝ ብቻ ነው።

እሷ፦ ይሄ ጠንካራ ነው፣ አልክደውም። ግን የአጥንቱ ዕድሜ 7 ነው ያልከኝ አንተ ነህ። መዘግየቱ ጊዜ ሰጥቶሃል። ሦስት ወር ወስደህ መድኃኒቱ በየወሩ ከየት እንደሚመጣ ብታስተካክል የሚቀርብህ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ነው። ለእህቱስ? የትምህርት ቤት ክፍያዋን ከየት ነው የምትከፍለው? የአንዱ ልጅ ፔን የሌላዋን ደብተር የሚበላ ከሆነ፣ ልጁ ራሱ አድጎ ሲያውቀው ምን ይለዋል?

እሱ፦ መኪናዬን እሸጣለሁ። የእሷ ክፍያ አይነካም።

እሷ፦ መኪናው ስንት ዓመት ያስኬድሃል?

እሱ፦ ሁለት።

እሷ፦ ከሰባት።

እሱ፦ ከሰባት ሁለት። የሚበልጡት ሁለቱ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። በሳምንት አንዴ የሚወጋም መጥቷል፤ በ2021 አሜሪካ ውስጥ ለልጆች ተፈቅዷል፣ ከዚያም ወዲህ ሌሎች ተከትለዋል። ምናልባት እስከዚያ ይረክሳል።

እሷ፦ በሳምንት አንዴው ለልጁ ይቀልለዋል፣ ልክ ነው፤ ከሦስት መቶ ስልሳ አምስት መርፌ ወደ ሃምሳ ሁለት። ግን አንዱ ፔን ቢበላሽ የሳምንቱ ነው የሚበላሸው፤ ረጅም ዓመት የታየበትም የዕለቱ ነው። እዚህ ላይ ሐኪሙ ይፍረዱ። እኔ የመጨረሻውን ልጠይቅህ። ስድስት ወር ሞልቶ ቢለካና ሁለት ሴንቲሜትር ብቻ ቢጨምር ምን ታደርጋለህ?

እሱ፦ መጠኑን ከፍ ያድርጉልኝ እላለሁ።

እሷ፦ ይኸው፣ የምፈራህ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው በየማታው በእርግጥ ተወግቷል ወይ፣ ፔኑ ረግቷል ወይስ ሙቀት መቶታል፣ ታይሮይዱ ወርዷል ወይ፣ ሲጀመር ምርመራው ትክክል ነበር ወይ ነው። መጠን መጨረሻ ነው የሚነካው፣ እሱም አይጂኤፍ-1ቱ ታይቶ። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ልጁ ካላደገስ?

እሱ፦ አቆማለሁ።

እሷ፦ መኪናውን ሸጠህ?

እሱ፦ መኪናውን ሸጬም። አንቺስ? በስድስት ወሩ አምስት ሴንቲሜትር ጨምሮ ብታገኚው ምን ትያለሽ?

እሷ፦ አይጂኤፍ-1ቱ ለዕድሜው ከሚፈቀደው ካላለፈ፣ ስኳሩና ጀርባው ደህና ከሆነ፣ ዘግይተናል፣ ዓመት ቀድሞ መጀመር ነበረበት እላለሁ።

እሱ፦ ታዲያ አሁን ጀምር የማትይኝ ለምንድን ነው?

እሷ፦ ስድስት ወር ሳይቋረጥ የሚያስኬድህን ስላላሳየኸኝ።

እሱ፦ እትዬ፣ እዚህ አገር ስድስት ወር የማይቋረጥ ነገር ማን ዋስትና ሰጥቶ ያውቃል? ለውኃው፣ ለመብራቱ፣ ለነዳጁ አላገኘነውም። ዋስትና እስኪመጣ ከጠበቅኩ አጥንቱ ይዘጋል።

እሷ፦ ... የሦስት ወሩን አሳየኝ። ከፋርማሲ፣ በደረሰኝ። እኔ ቤት ጀነሬተር አለ፣ ያልተከፈተው እዚያ ይቀመጥ፤ አንተ በየሁለት ሳምንቱ አንዱን ትወስዳለህ። ሐሙስ ቀጠሮህ ላይ አብሬህ እገባለሁ። የጠዋቱ ኮርቲሶል ሳይታይ ግን የመጀመሪያው መርፌ አይገባም።

እሱ፦ ኮርቲሶሉ ደህና ከሆነስ?

እሷ፦ የዚያኑ ማታ እጁን ይዤ አሥር እቆጥርለታለሁ።